የጨቅላ ሕፃናት ፎቶግራፍ ሙያ፦ ከምስሉ በፊት የሕፃኑ ደኅንነት

አንድ ሕፃን በተወለደ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሚነሳው ፎቶግራፍ በበርካታ ሀገሮች ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሀገራችንም በአዲስ አበባ የሚገኙ ስቱዲዮዎች ይህንኑ አገልግሎት ከሠርግና ከምረቃ ፎቶግራፍ ለይተው ለደንበኞቻቸው ማቅረብ ጀምረዋል። የእጅ ስልክ ካሜራ በየቤቱ በመግባቱም ከዋና ከተማው ርቀው የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው በተወለደበት ሰሞን የተነሳ ምስል እንዲኖራቸው መሻታቸው የሚጠበቅ ነው።

ፍላጎቱ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ መሠረታዊ ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። በካሜራው ፊት የሚተኛው ሕፃን አንገቱን ማቅናት የማይችል፣ የሰውነቱን ሙቀት በቀላሉ የሚያጣ፣ ፈቃዱንም ሆነ ቅሬታውን በቃል መግለጽ የማይችል ነው። በመሆኑም የጨቅላ ሕፃን ፎቶግራፍ በቅድሚያ ሕፃንን የመጠበቅ፣ ቀጥሎም ምስል የመቅረጽ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ ሙያው የሚጠይቀውን ዕውቀት፣ የሚያስከትለውን ኃላፊነትና ከሀገሪቱ ሕጎች ጋር ያለውን ግንኙነት፣ በስምጥ ሸለቆ የምትገኘውን የመልካሳን ከተማ በአብነት በመውሰድ ይዳስሳል።

ከአርባና ከሰማንያ ቀን ወደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የፎቶግራፍ ሙያ በሀገራችን የተስፋፋው ከቤተ መንግሥት ተነስቶ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት ልጆቹ በዚህ ረገድ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ከጊዜ በኋላ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው መሄድ ጀመሩ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሱ፣ ለብዙ ቤተሰብ የልጁ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ የክርስትናው ዕለት ፎቶግራፍ ነበር።

የጨቅላ ሕፃናት ፎቶግራፍ የሚነሳው ግን ከዚህ ቀን በፊት ነው። በሙያው የተለመደው ጊዜ ሕፃኑ ከተወለደ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ያለው ነው። በእነዚህ ቀናት ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ያሳልፋል፤ በማኅፀን ሳለ የነበረውን የመታጠፍ ልማድም ገና አልተወም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የነቃ ሰዓቱ እየበዛ፣ እጅና እግሩን መዘርጋት እየለመደ ስለሚሄድ ተኝቶ ሳለ ማንሳቱ ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል።

ዘርፉ በዓለም ዙሪያ እንዲታወቅ ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል አውስትራሊያዊቷ አን ጌዴስ ትገኝበታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችውና ሕፃናትን በአበባና በቅጠል መካከል የሚያሳየው የፎቶግራፍ መጽሐፏ በብዙ ሀገሮች ተሰራጭቷል። ዛሬ በየሀገሩ የሚታየው ሕፃንን በቅርጫት፣ በሹራብ ኮፍያና በጨርቅ መጠቅለያ አስውቦ የማንሳት ልማድ በከፊል ከዚህ ሥራ ተጽዕኖ የመጣ ነው።

ይህ ልማድ ወደ እኛ ሀገር ሲመጣ የሚገጥመው ነባር ሥርዓት አለ። በባህላችን አራስ እናት ከቤት ሳትወጣ በዘመድ እንክብካቤ የምትቆይበት ጊዜ የተከበረ ነው። እናቲቱን በጨቅላ ሕፃኗ አንደኛ ሳምንት ታክሲ አሳፍሮ ወደ ስቱዲዮ ማምጣት ከዚህ ሥርዓት ጋር አይሄድም፤ ለእናቲቱም ለሕፃኑም ጤና ቢሆን ተመራጭ አይደለም። ስለሆነም በሀገራችን ሁኔታ የተሻለው አሠራር ባለሙያው ካሜራውን ይዞ ወደ አራስ ቤት መሄዱ ነው።

ለዚህም አመቺ የሆኑ ቀናት በየባህሉ ይገኛሉ። በኦሮሞ ባህል ሕፃኑ በተወለደ በአምስተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው የሚያከብሩት የሸነን ሥርዓት አለ። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይከናወናል። ሁለቱም ሙያው ተመራጭ ናቸው በሚላቸው ቀናት ውስጥ የሚውሉ ናቸው። ሆኖም በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድ ሕፃኑን ለብዙ ዓይን ማሳየት እንደ ነውር ወይም እንደ ሥጋት ስለሚታይ፣ ባለሙያው ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት የእናቲቱን፣ የአባትየውንና የቤቱን ትልልቅ ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሙያው የሚጠይቀው ዕውቀት

የጨቅላ ሕፃን ፎቶግራፍ ከሌላው የሚለይበት የመጀመሪያው ነገር ጊዜ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ በጥቂት ደቂቃዎች ሲጠናቀቅ፣ ሕፃን የሚነሳበት ክፍለ ጊዜ ግን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው ሕፃኑ ጠብቶ፣ አግስቶ፣ ንጽሕናው ተጠብቆ እስኪተኛ በመጠበቅ ነው። ሥራውን የሚመራው የሕፃኑ ሰዓት እንጂ የፎቶግራፍ አንሺው ቀጠሮ አይደለም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ለስላሳና ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ሊሆን ይገባል። የተለመደው ዘዴ ሕፃኑን ከመስኮት አጠገብ በማስተኛት ብርሃኑ ከራሱ በኩል ወደ እግሩ በሰያፍ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ብርሃኑ ከእግር በኩል ወደ ላይ ከመጣ በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ ያልተፈለገ ጥላ ይፈጥራል። ተራ የካሜራ ፍላሽ የሕፃንን ዓይን እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም፣ ሕፃኑን ሊያባንነውና ምስሉንም ሊያደርቀው ስለሚችል ባለሙያዎች በተፈጥሮ ብርሃን ወይም በጨርቅ ተጣርቶ በሚወጣ መብራት መጠቀምን ይመርጣሉ።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ጨቅላ ሕፃን ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ወይም መደገፊያ ያጣ ሲመስለው እጆቹን ዘርግቶ ይባንናል። ይህ ተፈጥሯዊ በመሆኑ የባለሙያው እጅ ሁልጊዜ በዝግታ መንቀሳቀስ፣ ሕፃኑም በቀላል ጨርቅ ተጠቅልሎ ተደግፎ መቆየት አለበት። ጨርቁ ደረቱን የሚያስጨንቅ፣ ዳሌውንና እግሮቹን የሚወጥር መሆን የለበትም። ጣቶች ቢጠቁሩ ወይም ቢገረጡ አቀማመጡ የደም ዝውውርን ከልክሏልና ወዲያውኑ መለወጥ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሕፃኑ አገጩን በሁለት መዳፎቹ ላይ አስደግፎ ራሱን ቀና አድርጎ የተኛ የሚመስልበት ፎቶግራፍ በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ጨቅላ ሕፃን በራሱ ኃይል እንዲህ ሊቀመጥ አይችልም። ምስሉ በትክክለኛው አሠራር የሚገኘው ሁለት ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር በማዋሃድ ነው። በአንደኛው ረዳት የሕፃኑን ራስ ከላይ ይይዛል፤ በሁለተኛው የእጆቹን አንጓ ይደግፋል፤ ከዚያም የረዳቱ እጅ ከሁለቱም ምስሎች ላይ ይወገዳል። ይህንን ያላወቀ ሰው ያየውን ምስል በቤቱ ለመድገም ሲሞክር ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣል። በገመድ ወይም በጨርቅ የተንጠለጠሉ የሚመስሉ ሕፃናት ፎቶግራፎችም በጥንቃቄ ሲሠሩ እንዲሁ በማዋሃድ የሚገኙ ናቸው።

ከላይ ወደ ታች በሚነሳበት ጊዜ የካሜራው ማንገቻ በባለሙያው አንገት ላይ መሆን፣ ሕፃኑ ያለበት ቅርጫት ወይም ትራስ ከጠረጴዛ ይልቅ በወለል ላይ መቀመጥ፣ አንድ አዋቂ ሰውም ከሕፃኑ አንድ ክንድ ርቀት አለመራቅ በሙያው ውስጥ ሊታለፉ የማይገባቸው ደንቦች ናቸው።

በመልካሳ አየር ጠባይ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኘው መልካሳ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 1 ሺህ 550 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ በስፋት የምትታወቀው በቦሎቄ፣ በቆላማ አካባቢ በቆሎ፣ በማሽላ፣ በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ በሚሠራው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ሲሆን፣ በዚህና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተቀጥረው የሚኖሩ ቤተሰቦች ያሉባት ናት። እንዲህ ባለች ከተማ የጨቅላ ሕፃን ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ከውጭ የመጣን መመሪያ እንዳለ ሊወስድ አይችልም።

በቀዝቃዛ ሀገሮች የተዘጋጁ መመሪያዎች ስቱዲዮው በማሞቂያ እንዲሞቅ ይመክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወሊድ ክፍል የሚመክረው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የጤናማ ጨቅላ ሕፃን የሰውነት ሙቀትም ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ከተሞች በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ክፍል በበጋ ቀትር ላይ ያለ ማሞቂያ ከተጠቀሰው መጠን ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑን በወፍራም ሹራብና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማንሳት ከመጠን ላለፈ ሙቀት ይዳርገዋል። በአንጻሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳው ቀዝቃዛ ስለሚሆን ሕፃኑን ማራቆት አይመከርም። ስለሆነም ለአካባቢው የሚስማማው ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀትር ሳይደርስ ያለው ረፋድ ነው።

ብርሃንን በተመለከተም በአካባቢው ያለው የፀሐይ ብርሃን ጠንካራ በመሆኑ ማለስለሻ ያስፈልገዋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም፤ ንጹሕ ነጭ ነጠላ በመስኮት ላይ ሲዘረጋ ብርሃኑን ያጣራል፤ በሕፃኑ ሌላኛው ጎን የተያዘ ነጭ ጋቢም ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያሳሳል። አቧራማ ነፋስ ባለበት ቀን በርና መስኮትን ከፍቶ ማንሳት አይገባም። የወባ ሥጋት ባለባቸው አካባቢዎችም የሕፃኑ አጎበር ለፎቶግራፍ ሲባል ተነስቶ ከቆየ ከሥራው በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጤናና ንጽሕና

የጥንቃቄውን አስፈላጊነት የሚያሳዩ አኃዞች አሉ። በ2011 ዓ.ም የተካሄደው አነስተኛ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በሕይወት ከተወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሕይወታቸው አልፏል። ለጨቅላ ሕፃናት ሞት ዋና ምክንያት ከሆኑት መካከል ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ይገኙበታል። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ቤቱ የሚገባው በዚህ አስጊ ወር ውስጥ ነው።

በሀገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑን ከትክትክ የሚከላከለው የፔንታቫለንት ክትባት የሚጀመረው በስድስተኛ ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑ በዚህ ክትባት ያልተጠበቀ በመሆኑ፣ ጉንፋንና ሳል የያዘው ባለሙያ ቀጠሮውን ሊያራዝም ይገባል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ማውለቅ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚወሰዱ ጨርቆችንና ኮፍያዎችን በየጊዜው አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ ሕፃኑን አለመሳም፣ በእትብቱ ላይ ምንም ነገር አለማድረግ ከመሠረታዊ ግዴታዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ሕክምና ላይ ያለ ሕፃን ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊነሳ አይገባም።

ባለሙያው ሕፃኑን በጥሩ ብርሃን ለረጅም ሰዓት የሚያይ ሰው በመሆኑ ሌላም ኃላፊነት አለበት። የቆዳ ቢጫነት ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በርካታ ጨቅላ ሕፃናት ከተወለዱ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መጠነኛ ቢጫነት የሚያሳዩ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ወይም እስከ መዳፍና እስከ ውስጥ እግር የደረሰ ቢጫነት አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው የአደጋ ምልክት ነው። በፎቶግራፍ ማረሚያ ፕሮግራም ይህንን ቢጫነት ማጥፋት የሰከንዶች ሥራ ነው። ባለሙያው ግን ቀለሙን ከማረሙ በፊት ያየውን ለወላጆች መንገር አለበት። በአረንጓዴ ወይም በቢጫ ቀለም የተቀባ ግድግዳ በሕፃኑ ቆዳ ላይ ስለሚያንጸባርቅም፣ ከሥዕሉ ይልቅ በዓይን በተፈጥሮ ብርሃን ማየቱ ይመረጣል።

ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ሲነኩትም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሥራው ቆሞ ወላጆች ሕፃኑን በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይኖርባቸዋል። «ተኝቷል፣ ለሥራ ይመቻል» የሚባል ሕፃን ሁሉ በእርግጥ እንቅልፍ ላይ ያለ ላይሆን ይችላል።

ምስሉ የማን ነው?

ከሕጻኑ ጤና ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የምስሉ ባለቤትነትና አጠቃቀም ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ መብቶች ሲምታቱ ይታያል።

የመጀመሪያው የፎቶግራፍ አንሺው መብት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን የሚጠብቅ ሲሆን፣ የኢኮኖሚ መብቱ የሚቆየውም ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ነው። ሁለተኛው የተነሺው ሰው መብት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ከሕዝብ አገልግሎት፣ ከፍትሕ፣ ከፖሊስ፣ ከሳይንስ፣ ከባህልና ከትምህርት ጋር የተያያዙ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። አንቀጽ 29 ደግሞ መብቱ የተነካበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆምለት የሚጠይቅበትን መንገድ ይደነግጋል።

የመጀመሪያው መብት ሁለተኛውን አይሽርም። ፎቶ ቤቱ ምስሉን የቀረጸው እርሱ ቢሆንም የሕፃኑን ፎቶግራፍ አሳድጎ በመስኮቱ ላይ መስቀል ወይም ለማስታወቂያ ማሰራጨት የሚችለው ወላጆች ወይም ሞግዚት ሲፈቅዱ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ለሕፃናት የግል ሕይወት ጥበቃ ያደርጋል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ማንነት የሚገልጹ መረጃዎችን የሚሰበስቡና የሚያከማቹ አካላት ሊከተሉት የሚገባውን ሥርዓት ዘርግቷል። የሕፃኑን ስም፣ የትውልድ ቀንና የወላጆችን አድራሻ ከምስሉ ጋር በኮምፒዩተሩ የያዘ ፎቶ ቤት ይህንን ሕግ ሊያውቀው ይገባል።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውንም በቀጥታ ይመለከታል። በየጤና ጣቢያው የሚካሄዱ ዘመቻዎችንና ጉብኝቶችን የሚዘግቡ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች አራስ እናቶችንና ጨቅላ ሕፃናትን በሥራ ላይ ፎቶግራፍ ያነሳሉ። አልጋ ላይ ያለች እናት ባለሥልጣን ከፊቷ ቆሞ ሳለ «አልፈልግም» ለማለት ትቸገር ይሆናል። ዝምታዋ ግን እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም። ፎቶግራፉ ለምን እንደሚውልና የት እንደሚታተም በምትረዳው ቋንቋ ተነግሯት፣ እምቢ ብትል አገልግሎቷ እንደማይጓደል ተገልጾላት፣ ከተቻለም በጽሑፍ ስታረጋግጥ ብቻ መነሳቱ ተገቢ ነው።

የሕፃን ምስል ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ታሪክም ያስረዳል። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም በፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነስቷል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። ልዑሉ በ18 ዓመቱ ቢሞትም ምስሉ እስከ ዛሬ በሙዚየሞች ይገኛል። ወላጆቹን ያጣውን ያንን ሕፃን ፈቃዱን ስለመጠየቁ የሚያነሳ ሕግ በጊዜው አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ።

ፎቶግራፍና ሰነድ

ፎቶግራፍ የልደት ምዝገባን አይተካም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባና በብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሕፃኑን አልበም ያዘጋጁ ወላጆች ምዝገባውን ቢዘነጉ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣና ውርስ ሲጠይቅ የሚፈለገው ማስረጃ ይጎድለዋል። ሕፃኑን ለማንሳት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ቤቱ የሚገባው ባለሙያ ይህንን ለወላጆች ለማስታወስ ከማንም በላይ የተመቸ ነው።

ለፓስፖርት የሚሆን የሕፃን ፎቶግራፍ ደግሞ የራሱ መስፈርት አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደረጃ መሠረት ፊቱ በቀጥታ ወደ ካሜራው የዞረ፣ ጀርባው ነጣ ያለና አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ በምስሉ ውስጥም የሌላ ሰው እጅ ወይም መጫወቻ የማይታይበት መሆን ይኖርበታል። ቀላሉ ዘዴ ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ በነጭ አንሶላ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ከላይ ማንሳት ነው።

ሐዘን ለገባበት ቤት

ሙያው ከደስታ ቀን ያለፈ አገልግሎትም አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃደኛ ፎቶግራፍ አንሺዎችን በማስተባበር ሞተው ለተወለዱና ወዲያው ለሞቱ ሕፃናት ወላጆች ያለ ክፍያ የመታሰቢያ ፎቶግራፍ እንዲነሳ ያደርጋል። በሀገራችን ይህንን ማድረግ የቤተሰቡን እምነትና ባህል በጥልቀት መረዳትን ይጠይቃል፤ ያልጠየቀ ቤተሰብም ሊቀርብለት አይገባም። ይሁንና ከጥቂት ሰዓታት በላይ ልጇን ላላየች እናት አንድ ምስል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም።

ከሚመለከታቸው አካላት የሚጠበቀው

ከላይ ከተገለጸው መረዳት እንደሚቻለው ለሙያው የሚያስፈልጉት ሕጎች በአብዛኛው አሉ። የጎደለው ሕጎቹንና የጤና መመሪያዎችን ካሜራ ለያዘው ሰው የማድረስ ሥራ ነው። የንግድ ፈቃድ የንግዱን ሕጋዊነት እንጂ ባለፈቃዱ ሕፃን መያዝ መቻሉን አይመሰክርም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ፎቶግራፍ ሲያስተምሩ የሕፃን አያያዝንና የአደጋ ምልክቶችን የሚመለከት አጭር ትምህርት ቢያካትቱ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ለፎቶ ቤት ባለቤቶች የአንድ ቀን ገለጻ ቢሰጡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በድኅረ ወሊድ ጉብኝታቸው ስለዚሁ ጉዳይ እናቶችን ቢያማክሩ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ለውጥ ሊመጣ ይችላል።

ወላጆችም አገልግሎቱን ከመግዛታቸው በፊት ባለሙያውን ጥቂት ጥያቄዎች ሊጠይቁት ይገባል። ሕፃኑ ቢያለቅስ ምን ያደርጋል? ረዳት ይዞ ይመጣል? ጨርቆቹን መቼ አጠባቸው? ምስሎቹን የት ያስቀምጣል፣ ለማንስ ያሳያል? ለእነዚህ በቂ መልስ የሌለው ፎቶግራፍ አንሺ የያዘው ካሜራ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሕፃኑ በእጁ ሊሰጠው አይገባም። የተሳካ ሥራ የሚባለውም ወላጆች የሚያምር ምስል ሲያገኙ ብቻ ሳይሆን፣ ሕፃኑ ሥራው ሲጀመር እንደነበረው በሙሉ ጤንነት ወደ እናቱ እቅፍ ሲመለስ ነው።